ስርጉደትን ከናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ላይ ማውጣት፦ መሣሪያዎቹ፣ ዘዴውና ወሰኑ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ በትራምፔት፣ በትሮምቦን፣ በቱባና በመሳሰሉት የናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ላይ የሚደርስ ስርጉደት በድምፅና በአሠራር ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ፣ ለጥገናው ተለይተው የተሠሩ መሣሪያዎች የሚመሩበትን መርሕና ጥገናው ሊያልፈው የማይገባውን ወሰን ያብራራል። ዋና መከራከሪያው የጥገናው መለኪያ የገጹ ማማር ሳይሆን የውስጥ ቅርጹ መመለስና የሚተርፈው የናስ ውፍረት ነው የሚል ነው። በማጠቃለያው ላይ ሥራው በአዲስ አበባ ባሉ የቶርኖ ቤቶችና የሙያ ተቋማት አቅም እንዴት ሊከናወን እንደሚችል ይጠቁማል።

መግቢያ

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ የሚገኘው ጃን ሜዳ በየዓመቱ ጥር 11 ቀን በሚከበረው የጥምቀት በዓል የመዘምራኑን ወረብ፣ የከበሮውንና የጸናጽሉን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የማርሽ ባንድንም ያስተናግዳል። የናስ መሣሪያ ከሙዚቃ አዳራሽ ወጥቶ በሕዝብ መካከል፣ በድንጋይና በአቧራ ላይ እየተራመደ የሚነፋው በእንዲህ ዓይነቱ ሰልፍ ነው። በትከሻ መጋፋት፣ ከእጅ ማምለጥ፣ በጭነት መኪና ላይ መደራረብ፣ ሽፋን በሌለው ሣጥን ውስጥ መንገላታት ሁሉ በመሣሪያው ገጽ ላይ ምልክቱን ይተዋል። ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው የናስ ግድግዳ እንዲህ ላለው ኑሮ የተሠራ አይደለም፤ ሆኖም የማርሽ ባንድ ሕይወት ይኸው ነው።

የናስ ባንድ በኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እምቢልታና መለከት በቤተ መንግሥት ሥርዓት ከቀደመ ዘመን ጀምሮ ይነፉ የነበረ ሲሆን፣ የአውሮፓ ዓይነት የናስ መሣሪያዎች ስብስብ የመጣው ከ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ከዳግማዊ ኒቆላዎስ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ በተላከ ስጦታ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው የመንግሥቱ የሙዚቃ ቡድን ሆኑ፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው የንጉሠ ነገሥቱ መዝሙርም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከበረው የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ተስፋፍተው ለዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ መሠረት ሆኑ። ዛሬ ብዙ ሰው «የኢትዮጵያ ድምፅ» ብሎ የሚያውቀው የትራምፔትና የሳክስፎን ቅንብር ከእነዚህ የሰልፍ ባንዶች የወጣ ነው።

ይህ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ነፊዎቹና ስለ ደራሲዎቹ ይነገራል። የተነፋው ናስ ግን ራሱን የቻለ ሕይወት አለው፤ ይወድቃል፣ ይሰረጎዳል፣ ይጠገናል፣ በመጨረሻም ከንብረት መዝገብ ይሰረዛል። አንድ አሮጌ መሣሪያ በዕቃ ግምጃ ቤት ተጨርምቶ ሲገኝ «ይጠገን ወይስ ይወገድ?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ግምት ነው። ጥያቄው በዕውቀት እንዲመለስ ስርጉደት ምን እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚጎዳና የትኛው እንደማይጎዳ መለየት ያስፈልጋል።

ስርጉደት በድምፅ ላይ የሚያደርሰው ለውጥ

ሁሉም ስርጉደት ድምፅን አያበላሽም። በናስ መሣሪያ ውስጥ ድምፅ የሚፈጠረው በነፊው ከንፈር ንዝረትና በቱቦው ውስጥ ባለው የአየር አምድ መተባበር ነው። የአየር አምዱ በራሱ ቋሚ ሞገዶች ይንቀጠቀጣል፤ በእያንዳንዱ ሞገድ ውስጥ ግፊቱ ከፍተኛ የሚሆንባቸውና የአየሩ እንቅስቃሴ ከፍተኛ የሚሆንባቸው ቦታዎች ተለይተው ይታወቃሉ። የቱቦው ክፍተት ግፊት በሚበረታበት ቦታ ላይ ሲጠብ የዚያ ሞገድ ድግግሞሽ ከፍ ይላል፤ የአየሩ እንቅስቃሴ በሚበረታበት ቦታ ላይ ሲጠብ ደግሞ ዝቅ ይላል። እነዚህ ቦታዎች ለእያንዳንዱ ሞገድ የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ ስርጉደት አንዱን ቃና ከፍ ሲያደርግ ሌላውን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ነፊው ችግሩን መቃኛውን በማስረዘም ወይም በማሳጠር ሊያርመው የማይችለውም ለዚህ ነው፤ የመቃኛ ቱቦ ሁሉንም ቃና ወደ አንድ አቅጣጫ ሲወስድ ስርጉደቱ ግን በቃናዎች መካከል ያለውን ዝምድና ያፈርሳል።

የጉዳቱ መጠን በስርጉደቱ ጥልቀት ብቻ ሳይሆን በሚገኝበት ቦታም ይወሰናል። የተለመደ የትራምፔት ቱቦ የውስጥ ዲያሜትር 11.7 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የክፍተቱ ስፋት ወደ 107 ካሬ ሚሊሜትር ይደርሳል። ወደ አፉ እየሰፋ በሚሄደው ክፍል ዲያሜትሩ 40 ሚሊሜትር በሆነበት ቦታ ደግሞ ክፍተቱ 1,257 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው። 10 ካሬ ሚሊሜትር የሚወስድ ስርጉደት በመጀመሪያው ቦታ ላይ ከክፍተቱ 9 በመቶ የሚጠጋ ሲዘጋ፣ በሁለተኛው ቦታ ላይ የሚዘጋው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። በመሣሪያው ሰፊ አፍ ላይ ያለና ለተመልካች ዓይን የሚያስከፋ ትልቅ ስርጉደት ለጆሮ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ከመንፊያው ቀጥሎ ባለው ጠባብ ቱቦ ላይ ያለና እምብዛም የማይታይ ስርጉደት ግን የነፊውን ልፋት ዋጋ ቢስ ሊያደርግ ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት ጉዳት ከድምፅ ሳይሆን ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ነው። በፒስተንና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት በጥቂት የመቶኛ ሚሊሜትር የሚለካ ነው፤ በትሮምቦን ተንሸራታች ቱቦዎች መካከል ያለውም ከፀጉር ውፍረት ብዙ አይበልጥም። በእነዚህ ክፍሎች ላይ በጣት ዳሰሳ ብቻ የሚታወቅ ስርጉደት እንኳ ፒስተኑን ወይም ተንሸራታቹን ሊያስር ይችላል።

ከጥገና በፊት የስርጉደትን ውጤት ከሌሎች ምክንያቶች መለየት ያሻል። በጥር ንጋት በእንጦጦ ግርጌ የሚነፋ ባንድ ቀትር ላይ ከሚነፋው ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ የድምፅ ፍጥነት ከአየር ሙቀት ጋር ስለሚቀያየር በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲቀዘቅዝ ድግግሞሹ በ1.7 በመቶ ገደማ፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ይወርዳል። የነፊው ትንፋሽ ቱቦውን ስለሚያሞቀው በተግባር የሚታየው ለውጥ ከዚህ ያነሰ ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ብርድ ሁሉንም ቃና በአንድነት ያወርዳል፣ ስርጉደት ግን የተወሰኑ ቃናዎችን ለይቶ ያዛባል። አንድ ተማሪ አንድ ቃና ብቻ ዘወትር ሲያስቸግረው ከንፈሩን ከመውቀሱ በፊት ቱቦውን መመርመር ይገባዋል።

ናስ ሲሰረጎድ በውስጡ የሚሆነው

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። በትንፋሽ መሣሪያዎች ላይ በብዛት የሚሠራበት ቢጫ ናስ 70 በመቶ ያህሉ መዳብ፣ 30 በመቶ ያህሉ ዚንክ ነው። ይህ ቅይጥ በብርድ ሳለ ብዙ መለጠጥን ስለሚችል ለቱቦና ለጥይት ቀለህ ተመራጭ ሆኗል። ነገር ግን በተለጠጠና በተቀጠቀጠ ቁጥር ይጠነክራል፣ የመለጠጥ አቅሙም ይቀንሳል። አንጥረኛ ይህን ከሥራው ያውቃል፤ ሲቀጠቅጥ ቆይቶ ብረቱ «እምቢ» ሲለው ወደ እሳት ይመልሰዋል።

ስርጉደት ሲፈጠር ግድግዳው መጀመሪያ እንደ ስፕሪንግ ይታጠፋል፤ ከመቋቋሚያው ወሰን ሲያልፍ ግን ቅርጹን በቋሚነት ይለውጣል። መሐሉ ወደ ውስጥ ሲገባ ዙሪያው በጥቂቱ ወደ ውጭ ተነሥቶ ጠርዝ ይሠራል። የሚደርሰውን መለጠጥ ለመገመት ግድግዳው ጠፍጣፋ፣ ስርጉደቱም ጎድጓዳ ሳህን መሰል ነው ቢባል፣ የርዝመቱ ጭማሪ ከጥልቀቱና ከግማሽ ወርዱ ንጽጽር ካሬ ጋር ያድጋል። ወርዱ 20፣ ጥልቀቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ስርጉደት ናሱን በ2.7 በመቶ ያህል ይለጥጠዋል። ጥልቀቱ ሳይለወጥ ወርዱ ወደ 10 ሚሊሜትር ቢጠብ መለጠጡ አራት እጥፍ አድጎ ወደ 10.7 በመቶ ይደርሳል። ሰፊና ለስላሳ ስርጉደት በቀላሉ የሚመለሰው፣ ጠባብና ስለታም ጭርምታ ግን ከተመለሰም በኋላ መስመሩን የሚተወው ለዚህ ነው። በጭርምታው መስመር ላይ ናሱ አስቀድሞ ጠንክሯል፤ ዙሪያው ሲመለስ እርሱ በእጥፋቱ ይጸናል።

ከዚህ የሚከተለው ለጠጋኙ መሠረታዊ ትምህርት ነው። የተለጠጠ ናስ ወደ ቦታው ሲመለስ የተጨመረው ርዝመት አይጠፋም፤ ወይ ተመልሶ መጨመቅ ወይ ወደ ጎን መከፋፈል አለበት። ጠጋኙ ቸኩሎ መሐሉን ከውስጥ በኃይል ቢገፋው ስርጉደቱ ወደ ውጭ ያበጠ እብጠት ይሆናል፤ እብጠቱን ለመመለስ ከውጭ ቢቀጠቅጠው ናሱ እንደገና ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ ይጠነክራል። ከጥቂት እንዲህ ያሉ ዙሮች በኋላ የሚመጣው ስንጥቅ ነው።

የእሳት መፍትሔም ወሰን አለው። የጠነከረ ናስ ከ425 እስከ 750 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው ሙቀት ሲለዝብ የመለጠጥ አቅሙ ይመለሳል። በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ የተሠራ የመገጣጠሚያ ብየዳ ግን በ183 ዲግሪ መቅለጥ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ሳይፈታ አንዱን ክፍል ለማለዘብ መሞከር ደጋፊዎቹንና መገጣጠሚያዎቹን ማፍረስ ነው፤ ቀለሙም ይቃጠላል። ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ የናሱ ክሪስታሎች አድገው ገጹ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፣ ጥንካሬውም ይወርዳል። የመሣሪያው አፍ ከመጠን በላይ ከለዘበ በትንሽ ግጭት ዳግም ይሰረጎዳል።

በውስጡ የታመቀ ውጥረት ያለበት ናስ ሌላም ጠላት አለው፤ አሞኒያ። በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የናስ ቀለሆች በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ አጠገብ ተከማችተው ሳሉ ያለ ምንም ምት መሰንጠቃቸው በብረታ ብረት ጥናት ታሪክ የታወቀ ምሳሌ ነው። ምክንያቱ ከጋጣው የሚወጣው አሞኒያና በቀለሁ ውስጥ የቀረው ውጥረት መተባበራቸው ነበር። ብዙ ጊዜ የተቀጠቀጠ ትራምፔት እንደዚያ ቀለህ ውጥረት የተሸከመ በመሆኑ አሞኒያ ባለበት ማጽጃ መወልወልም ሆነ እርጥበት ባለበት ክፍል ማከማቸት አይገባም።

ለጥገናው የተለዩ መሣሪያዎች

የመኪና አካል የሚጠግን ባቲላሜራ ስርጉደትን የሚያወጣው ከላሜራው ጀርባ ደጋፊ ብረት ይዞ ከፊት በመቀጥቀጥ ነው፤ የቀረውን ጉድለት በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባዋል። በናስ ቱቦ ላይ ይህ አይሠራም። የቱቦው ጀርባ ለእጅ አይደረስም፤ ከሁሉም በላይ ሥራ ላይ የሚውለው የውስጡ ገጽ ነውና ስቱኮ ምንም አይሸፍንም። የናስ ጥገና መሣሪያዎች በሙሉ የተፈጠሩት አንድ ችግር ለመፍታት ነው፤ የማይደረስበትን የውስጥ ገጽ ትክክለኛ ቅርጽ ባለው ጠንካራ ነገር መደገፍ።

የመጀመሪያው የብረት ዘንግ ነው። ቀጥ ያለ ወይም እየሰፋ የሚሄድ፣ ገጹ እንደ መስታወት የተወለወለ የብረት ዘንግ በሞርሳ ታስሮ የተሰረጎደው ክፍል ይለበስበታል። ከዚያ ናሱ በለስላሳ መዶሻ ወይም በማሻ ብረት ከውጭ በኩል ወደ ዘንጉ ይሻሻል። ለመሣሪያው አፍ የአፉን ቅርጽ የተከተለ ዘንግ፣ ለትሮምቦን ተንሸራታች ደግሞ ረጅምና ፍጹም ቀጥ ያለ ዘንግ ያስፈልጋል። በዘንጉ ገጽ ላይ ያለች ጭረት ሁሉ ወደ ናሱ ስለምትተላለፍ ዘንጉ ከዝገትና ከአቧራ ተጠብቆ ይያዛል።

ሁለተኛው የብረት ኳስ ነው። በተጠማዘዘ ቱቦ ውስጥ ዘንግ ስለማይገባ በልዩ ልዩ መጠን የተዘጋጁ ኳሶች ወይም በርሜል ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ይገቡበታል። ኳሱ በተጠማዘዘ ዘንግ ወይም በሚታጠፍ ሽቦ ጫፍ ላይ ተበይዶ ይገፋል፤ አለዚያም ነጻ ሆኖ ከገባ በኋላ ከበስተኋላው በተጨመረ ትንሽ ኳስ እየተመታ ይሄዳል። የአንዱ ኳስ መጠን ከቀጣዩ የሚለየው በጣም በጥቂቱ ነው፤ ሥራው በትንሹ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ትልቁ ይሄዳል። የመጨረሻው ኳስ ካልተጎዳው ቱቦ ውስጣዊ ዲያሜትር ጥቂት ማነስ አለበት። ይህን ሳይለካ ትልቅ ኳስ የሚያስገባ ጠጋኝ ኳሱን በመሣሪያው ውስጥ ቀርቅሮ ሊያስቀረው ይችላል፤ እየሰፋ በሚሄድ ቱቦም ኳሱ ሊገባ የሚገባው ከሰፊው በኩል ነው።

ሦስተኛው ማግኔት ነው። ናስ በማግኔት አይሳብም፤ ብረት ግን ይሳባል። በመሆኑም የብረት ኳስ በቱቦው ውስጥ ተደርጎ ጠንካራ ማግኔት ከውጭ ሲያዝ ናሱ በሁለቱ መካከል ይጨመቃል። ማግኔቱ ወይም መሣሪያው ሲንቀሳቀስ ኳሱ ስርጉደቱን ከውስጥ እየዳመጠ ይከተላል። ይህ ዘዴ ሊስፋፋ የቻለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከተገኘ በኋላ ነው። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ መሣሪያው ላይፈታ ይችላል፣ እሳት አያስፈልግም፣ መዶሻውም ይቀራል። ሆኖም በማግኔቱና በቱቦው መካከል ለስላሳ ቆዳ ወይም ፕላስቲክ ካልገባ ገጹ ይጫራል። እንዲህ ያለው ማግኔት ጣት ሊጨፈልቅ ስለሚችልና የልብ ምት መቆጣጠሪያ ለተገጠመለት ሰው አደገኛ ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዛል።

አራተኛውና የመጨረሻ አማራጭ የሚሆነው መሳብ ነው። ከውስጥ ፈጽሞ በማይደረስበት ቦታ ላይ ትንሽ ዘንግ በስርጉደቱ መሐል በለስላሳ ብየዳ ተጣብቆ ወደ ውጭ ይሳባል፤ ከዚያ ብየዳው ይፈታል፣ ቦታውም ይጸዳል። ዘዴው ቀለሙን ስለሚያቃጥልና ኃይሉን በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚያሳርፍ የሚመረጠው ሌላው መንገድ ሲዘጋ ብቻ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

ጥሩ ጥገና ከመዶሻ በፊት በምርመራ ይጀምራል። መሣሪያው እንደ መጣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የሠሪው ማኅተም፣ ተከታታይ ቁጥሩና የቀድሞ ጥገና ምልክቶች ይመዘገባሉ። የእያንዳንዱ ስርጉደት ቦታ፣ ወርድና ጥልቀት በካሊፐር ይለካል። የሚቻል ከሆነ ነፊው እያንዳንዱን ቃና ነፍቶ ከመቃኛ ያለው ልዩነት በሴንት ይያዛል፤ ይህ ልኬት ከጥገናው በኋላ ለማነጻጸር ብቸኛው ተጨባጭ ማስረጃ ነው።

ቀጥሎ ፒስተኖቹ ይወጣሉ፤ መሣሪያው በለብታ ውኃና በቀላል ሳሙና ይታጠባል። በውስጡ የቀረ አሸዋ በኳሱና በናሱ መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃልና ይህ እርምጃ አይዘለልም። የታሰረ ፒስተን ወይም የተጣበቀ መንፊያ በፒንሳ አይጎተትም፤ በፒንሳ የተፈታ መንፊያ ብዙ ጊዜ ከመንፊያው ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ጠምዝዞ ይወጣል።

ከዚያ ጠቅላላ ቅርጹ ይስተካከላል። የመሣሪያው አፍ ወደ ጎን ታጥፎ ከሆነ ወይም አንዱ ደጋፊ ተገፍቶ ከሆነ ስርጉደቶቹን ማውጣት የሚጀመረው መጣመሙ ከተቃና በኋላ ነው። አለዚያ የተዳመጠው ናስ በውጥረት እንደተያዘ ይቀራል። የስርጉደቱ ማውጣት ራሱ ከጠርዙ ወደ መሐል ይሄዳል፤ ወደ ውጭ የተነሣው ጠርዝ በማሻ ብረት ሲወርድ መሐሉ በከፊል በራሱ ይነሣል። ኳሱ ወይም ዘንጉ ዘይት ተቀብቶ ቀሪውን ይደግፋል። ናሱ ከተፈለገው ቅርጽ ጥቂት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ጠጋኙ ይህን በእጁ ሊገምት ይገባል፤ ከመጽሐፍ ይልቅ በልምድ የሚገኘው የሙያው ክፍል ይኸው ነው።

በመጨረሻ መሣሪያው ታጥቦ አየር እንዳያሾልክ ይፈተሻል፤ ቃናዎቹም እንደገና ይለካሉ። የድምፁ ልዩነት ከተስተካከለ በገጹ ላይ የቀረ ደካማ የመስመር ምልክት የጥገናው ጉድለት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም።

የት ማቆም ይገባል?

በጥገና ውስጥ ትልቁ ፈተና የመጨረሻዋን ምልክት ለማጥፋት መሞከር ነው። የመሣሪያው ባለቤት የሚያየው ገጹን ነው፤ ስለዚህ ጠጋኙ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ገጹን አስተካክሎ፣ በፖሊሽ አብርቶ ማስረከብ ያጓጓዋል። ግድግዳው 0.5 ሚሊሜትር ከሆነ ግን 0.1 ሚሊሜትር መፋቅ ከውፍረቱ አንድ አምስተኛውን መውሰድ ነው። መታጠፍን የመቋቋም ኃይል ደግሞ ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለሚቀንስ ከቀድሞው የሚተርፈው 51 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እንዲህ የተጠገነ መሣሪያ በዕለቱ ያምራል፤ በቀጣዩ ሰልፍ ግን ከቀድሞው ባነሰ ኃይል ይሰረጎዳል።

ከዚህ በመነሣት ስርጉደቶችን በሦስት መመደብ ይቻላል። እንቅስቃሴን የሚያስሩ፣ ማለትም በፒስተን ቤትና በተንሸራታች ላይ ያሉ፣ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። በጠባብ ቱቦዎች ላይ ያሉና ቃናን የሚያዛቡ ሁለተኛ ይመጣሉ። በሰፊው አፍና በውጭ ጠርዝ ላይ ያሉ፣ ለዓይን ብቻ የሚያስከፉት ግን ስንጥቅ እስካላስከተሉ ድረስ ሳይነኩ ቢቀሩ ይሻላል። በግድግዳው ላይ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች ሲታዩ ዚንኩ ከቅይጡ እየወጣ፣ ናሱም ከውስጥ እየተበላ መሆኑን ስለሚያመለክቱ የዚያ ቱቦ ፈውስ መዳመጥ ሳይሆን መቀየር ነው።

ታሪካዊ ለሆኑ መሣሪያዎች ወሰኑ ከዚህም ይጠባል። ከቀድሞዎቹ የመንግሥት ባንዶች የተረፈ አንድ ትራምፔት ወይም ቱባ የሙዚቃ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ማስረጃም ነው። በሰሪው ማኅተም ከየት እንደመጣ፣ በብየዳው ዓይነት ማን በምን አቅም እንደጠገነው፣ በእጅ መያዣው አካባቢ በለቀቀው ቀለም ምን ያህል እንደተነፋ ይናገራል። ስለዚህ ባንዶች አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የጽሑፍ መዝገብ የማይመልሰው ሲሆን ናሱ ሊመልሰው ይችላል። በፖሊሽ የጠፋ ማኅተም ግን በምንም ዘዴ አይመለስም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ዳግም እንዲነፋ ካልተፈለገ በቀር ስርጉደቱ የታሪኩ አካል ሆኖ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ እንዲነፋ ከተፈለገም ለመነፋት የግድ የሆነው ብቻ ተጠግኖ የተደረገው ሁሉ በጽሑፍ ይያዛል።

በአዲስ አበባ አቅም ሊሠራ የሚችለው

ለዚህ ጥገና የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ከውጭ ሲገዙ ውድ ናቸው፤ በባሕርያቸው ግን ረቂቅ አይደሉም። ዘንግ የቶርኖ ሥራ ነው፤ የዘንጉ ቅርጽ ካልተጎዳ ተመሳሳይ መሣሪያ ላይ በካሊፐር ተለክቶ ሊወሰድ ይችላል። የተለያየ መጠን ያላቸው የኩሽኔታ ኳሶች ጠንካራና ልስልስ በመሆናቸው ለቱቦ መዳመጫ ይሆናሉ፤ በመጠኖቹ መካከል የሚጎድለው በቶርኖ ይሞላል። ኒዮዲሚየም ማግኔት ከተበላሸ የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ እንኳ ይገኛል፤ ትንሽ ቢሆንም መርሑን ለማስተማርና በጠባብ ቱቦ ላይ ለመለማመድ ይበቃል።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚከብደው ዕውቀቱን በአንድነት ማምጣት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነፊውንና ጆሮውን ይዟል፤ የምሕንድስና ተቋማት የብረቱን ባሕርይና የድምፁን ልኬት ይዘዋል፤ በሰሜን አዲስ አበባ እንዳለው እንጦጦ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ያሉ የሙያ ተቋማት ደግሞ ቶርኖውንና የብየዳ ጠረጴዛውን ይዘዋል። አንጥረኛው በበኩሉ ናስ መቼ እንደሚለዝብና መቼ እንደሚሰነጠቅ በእጁ ያውቃል። እነዚህ አራቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢገናኙ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ሰፊ የጥናት መስክ ይከፈታል። ከጥገና በፊትና በኋላ የቃና ልዩነትን መለካት፣ የቀሪ ግድግዳ ውፍረትን በአልትራሳውንድ መመዝገብ፣ በየባንዱ ያሉ አሮጌ መሣሪያዎችን በማኅተማቸው መለየት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ርእሶች ናቸው።

ማጠቃለያ

ስርጉደትን ማውጣት ናስን ወደ ቀድሞ ቦታው የመመለስ ሥራ ቢመስልም፣ የተለጠጠ ናስ የደረሰበትን ሁሉ ይዞ ይቆያል። እያንዳንዱ ጥገና ከመሣሪያው የመለጠጥ አቅም አንዳች ይቀንሳል። ለሥራው የተለዩት ዘንጎች፣ ኳሶችና ማግኔቶች የሚጠቅሙት ይህን ወጪ ስለሚያሳንሱ ነው፤ ናሱን ከውስጥ በትክክለኛው ቅርጽ ደግፈው በጥቂት ኃይልና በጥቂት መለጠጥ እንዲመለስ ያደርጋሉ። መዶሻና ሞረድ ብቻ ያለው ጠጋኝ ግን የዛሬውን ማማር በነገው ዕድሜ ይገዛል። ስለዚህ በንብረት ክፍል ተጨርምቶ የተገኘ መሣሪያ ለመወገድም ሆነ ለመጠገን ከመወሰኑ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይቅደሙ፤ ስርጉደቱ የት ነው? ድምፅን ወይም እንቅስቃሴን ይጎዳል? ግድግዳው ሌላ ጥገና የሚችል ውፍረት ቀርቶታል? የእነዚህ መልስ በልኬት ሲገኝ፣ ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው በላይ መሣሪያዎች ዳግም ለሰልፍ ሊወጡ፣ ጥቂቶቹም ሳይነኩ ለታሪክ ሊቀመጡ ይችላሉ።